አጨዳው ላይ ያልተገኘው ሰው

ባለፈው ሰሞን የአሜሪካን እግር ኳስ ከሚከታተል ወዳጄ ጋር ክርክር ገጠምን። የምለው ያንን የራስ ቁር ተደፍቶ፣ ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን ጨዋታ ነው። የጂም ፊንክስን ስም ሳነሳበት ወዳጄ በአንድ ቃል ዘጋኝ፤ ሰውየው በሥራ አስኪያጅነት ዘመኑ አንድም ሱፐር ቦውል አላነሳም፣ አለቀ። እውነቱን ነው፣ አላነሳም። ነገሩ ግን ሲከነክነኝ ሰነበተና የሰውየውን ታሪክ እንደገና አገላበጥኩት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ ዘንድ ድራፍት ሲባል ልባችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ቢራው ነው። እነሱ ዘንድ ግን በየዓመቱ ከኮሌጅ የሚመጡ ተጫዋቾችን ክለቦች ተራ ይዘው የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ባለፈው ዓመት የባሰ የተሸነፈ ቀድሞ ይመርጣል። ተራው ራሱ እንደ ገንዘብ ይሸጣል፣ ይለወጣል። የዋና ሥራ አስኪያጁ ጉብዝና የሚለካው በዚህ ነው። ችግሩ፣ የሚመረጠው ልጅ ገና የ21 ወይም የ22 ዓመት ወጣት ነው፤ ምን እንደሚወጣው የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

ፊንክስ እ.ኤ.አ. በ1927 ሴንት ሉዊስ ተወለደ። ራሱም የድራፍት ልጅ ነው፤ በ1949 ፒትስበርግ ስቲለርስ የመረጡት በ12ኛው ዙር ነበር፣ ማለትም ብዙም ሳይጠብቁበት። በተከላካይነት ጀምሮ ኳርተርባክ ሆነ፤ ጨዋታውን የሚመራው፣ ኳሷን የሚያከፋፍለው ማለት ነው። በመጨረሻ የውድድር ዘመኑ በ1955 ክለቡ በ9ኛው ዙር የመረጠውን አንድ ኳርተርባክ ውድድሩ ሳይጀመር አሰናበተ። የተባረረው ልጅ ጆኒ ዩናይተስ ነበር፤ በኋላ በባልቲሞር ከዘመኑ ታላላቆች አንዱ ሆነ። ፊንክስ ያኔ እዚያው ቡድን ውስጥ ነበር። እኔ ብሆን ያንን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም።

ካናዳ ሄዶ በካልጋሪ ሥራ አስኪያጅነትን ከተማረ በኋላ በ1964 የሚኒሶታ ቫይኪንግስ ኃላፊ ሆነ። በ1967 ዝነኛውን ኳርተርባክ ፍራን ታርከንተንን ለኒውዮርክ ጃያንትስ ሰጥቶ በምትኩ የምርጫ ተራዎችን ተቀበለ። በዚያው ዓመት ቫይኪንግስ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ሦስት ልጆች መረጠ። ከጃያንትስ ባገኘው በ2ኛው ተራ የወሰደው ክሊንተን ጆንስ ተራ ተጫዋች ሆኖ ቀረ። በ15ኛው ተራ የመጣው አለን ፔጅ ግን በ1971 የሊጉ ኮከብ ተባለ፤ ከዚያ በፊት ተከላካይ ሆኖ ያንን ክብር ያገኘ የለም። በነገራችን ላይ ፔጅ ቆይቶ የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኗል። በ1968 ደግሞ ከጃያንትስ በመጣው የአንደኛነት ተራ ሮን ያሪን ወሰዱ። እንግዲህ ፊንክስን በጆንስ ብቻ ብንፈርድበት ከሸፈ እንላለን፤ በፔጅ ብቻ ብናየው ነቢይ ነው። ቡድኑ በጥር 1970 እና በጥር 1974 ሱፐር ቦውል ደርሶ ሁለቱንም ተሸነፈ።

በ1974 ወደ ቺካጎ ቤርስ ተሻገረ። ቤርስ ያኔ ወድቆ የሚዳክር ክለብ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሦስት ክለቦች ያለፉትን ዋልተር ፔይተንን በ4ኛው ተራ ወሰደ፤ ከሚሲሲፒ፣ ከጃክሰን ስቴት የመጣ ልጅ። ፔይተን በ1984 በሊጉ ታሪክ ከማንም በላይ ኳስ ይዞ የሮጠ ሰው ሆነ። በ1979 ዳን ሃምፕተን፣ በ1981 በሁለተኛው ዙር ማይክ ሲንግልተሪ ተከተሉ።

ወዳጄን የምደግፍበት ነገርም አለ። ራሱ ኳርተርባክ የነበረ ሰው ቺካጎ ውስጥ ኳርተርባክ ማግኘት አቃተው። የ1978ን የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ለማይክ ፊፕስ ሰጠ፤ ፊፕስም የሚፈለገው አልሆነም። እስከ 1982፣ ጂም ማክማን እስኪመጣ ድረስ፣ ቡድኑ በዚህ ጉድለት ተንገላታ። በሌላ በኩል ምስጋናውም የእሱ ብቻ አይደለም። የመልማዮቹ አለቃ ቢል ቶቢን ነበር፤ ልጆቹን በየሜዳው ዞሮ ያየው የመልማዮቹ ዓይን ነው። ሥራ አስኪያጁ የሚመሰገነው ማንን እንደሚያምን ስላወቀ ነው። ይሄ ግን ቀላል አይምሰላችሁ።

በ1982 የክለቡ ባለቤት ጆርጅ ሃላስ ፊንክስን ሳያማክር ማይክ ዲትካን አሰልጣኝ አደረገ። ሰውየው ቅር ቢለውም አንድ ምርጫ ሳይሠራ አልሄደም፤ የ1983ን። ጂም ኮቨርት፣ ዊሊ ጎልት፣ ማይክ ሪቻርድሰን፣ ዴቭ ዱየርሰን፣ ቶም ቴየር፤ በ8ኛው ዙር ደግሞ ማርክ ቦርትዝና ሪቻርድ ዴንት። ዴንት 203ኛ ነው የተመረጠው፤ ከሱ በፊት ሁለት መቶ ሁለት ስም ተጠርቷል! ይህ በሚያዝያ ነው። በነሐሴ ፊንክስ ሥራውን ለቀቀ።

በጥር 1986 ቤርስ ኒው ኢንግላንድን 46 ለ 10 ቀጥቅጦ ሱፐር ቦውል አነሳ፤ የጨዋታው ኮከብ ዴንት ነበር። ከቋሚዎቹ አብዛኞቹ ፊንክስ ያመጣቸው ናቸው። እሱ በዚያው ወር የኒው ኦርሊንስ ሴንትስን ሥራ ይዞ ነበር፤ ከ1967 ጀምሮ በአንድም ዓመት ካሸነፈው በላይ የተሸነፈ ወይም እኩል የወጣ ክለብ። በ1987 12 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸነፈና ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥሎ ማለፍ በቃ። እዚያ ግን አንድም ጨዋታ ማሸነፍ አልቻለም፤ ይሄን ለወዳጄ እተውለታለሁ። በ1989 ፊንክስ ለሊጉ ኮሚሽነርነት ታጭቶ በፖል ታግሊያቡ ተሸነፈ።

በግንቦት 1994 በሳንባ ካንሰር ሞተ፤ 66 ዓመቱ ነበር። በማግስቱ ዓመት ስሙ የዝና አዳራሽ ገባ። የመረጣቸው ልጆችም ተከትለው መግባታቸውን አላቆሙም፤ ሲንግልተሪ በ1998፣ ሃምፕተን በ2002፣ ዴንት በ2011። ኮቨርት የገባው በ2020 ነው፤ ፊንክስ ከመረጠው ከ37 ዓመት፣ ከሞተ ደግሞ ከ26 ዓመት በኋላ።