የእንዶድ ነገርና ዶክተር አክሊሉ ለማ

ሳሙና ከውጭ አገር ሳይመጣ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ሰዎች ሸማቸውን የሚያነጡት በእንዶድ ነበረ። ፍሬውን አድርቀው ይወቅጡታል፤ በውሃም ሲያሹት አረፋ ያወጣል። ይህ ፍሬ በሽታን እንደሚከላከል ያስተዋሉት ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

አክሊሉ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1935 ተወለዱ፤ በአሜሪካም ተምረው ሊቅ ሆኑ። በ1964 ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ ሊመረምሩ ወደ ዐድዋ ሄዱ። የዚህ በሽታ ትል በሰው ደም ሥር ይኖራል። እንቁላሉ ከሰገራ ጋራ ውሃ ሲገባ ይፈለፈላል፥ በቀንድ አውጣም ሆድ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ወደ ወንዝ የወረደውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከሞተ በሽታው መንገዱን ያጣል።

አክሊሉም ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። ሕያዎቹን ለቅመው በዕቃ አኖሩ፥ የእንዶድ አረፋም አስጨመሩባቸው፤ ጥቂት ቆይተው ሞቱ።

ነገሩን ለውጭ አገር ሊቃውንት በገለጹ ጊዜ ግን የተቀበላቸው ጥቂት ነው። ተቃወሙ ብሎ ያዘዘ ማንም አልነበረም፤ ጥርጣሬው ከየልባቸው መጣ። በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ እንግዳ ተማሪ አዲስ ትርጓሜ ይዞ ሲመጣ፥ ትርጓሜው ሳይሰማ የማን ተማሪ እንደ ሆነ ይጠየቃል። የዓለም ሊቃውንትም እንዲሁ አደረጉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዶድ በታወቀ ላቦራቶሪ ካልተፈተነ አልደግፈውም አለ። ጥያቄው ራሱ ተገቢ ነበረ፤ ያልተፈተነ መድኃኒት ሰው ወደሚጠጣው ወንዝ አይጣልምና። ክፋቱ፥ ፈተናው ብዙ ገንዘብ ሲፈልግ ገንዘቡን የሚሰጥ ለብዙ ዓመት አለመገኘቱ ነው። በአፍሪካ የተሠራ ምርምር አለመታመኑ ትልቁ መሰናክል እንደ ነበረ አክሊሉ ራሳቸው ተናግረዋል።

ሥራውን ግን አልተዉም። በዐድዋ ወንዙ ለ5 ዓመት በእንዶድ ሲታከም፥ ከ100 ሕፃናት 50 ያህሉን ይዞ የነበረው በሽታ ወደ 7 ወረደ። ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከየስፍራው እንዶድ እየሰበሰቡ የተሻለውን ዘር መረጡ። በ1989 ሁለቱ በስዊድን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ፈተናውም በኋላ ተደረገ፤ እንዶድ ዓይን ያቃጥላል፥ ዓሣንም ይገድላል፥ ሰውን ግን እንደ ተፈራው የሚጎዳ ሆኖ አልተገኘም።

በ1990 በአሜሪካ፥ የታላላቅ ሐይቆችን የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ባለ ዛጎል ፍጥረት በእንዶድ እንደሚሞት ታየ፤ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲም ለዚህ ጥቅሙ የባለቤትነት መብት ለማውጣት ብዙ አልዘገየም። አክሊሉ በ1997 ዐረፉ።