አበበ ቢቂላ፣ የእንጦጦ ቁልቁለትና የታዳጊ ሯጮች ጉልበት

ሻምበል አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። የእረኛ ልጅ ነበር። በልጅነቱ የገና ጨዋታ ይጫወት ነበር። የገና ሜዳ ሰፊ፣ ሩጫውም ብዙ ነው፤ ሆኖም ተጫዋቹ ሲደክመው ይቆማል፣ ሲያመው ይወጣል፣ ሰዓት የሚይዝበት አሠልጣኝም የለበትም። የአበበን ሕይወት ከስፖርት ሕክምና አንጻር ለሚመረምር ሰው ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነጥብ አይደለም።

አዲስ አበባ ገብቶ በክብር ዘበኛ የተቀጠረው በ1944 ዓ.ም. ገደማ፣ ዕድሜው ወደ 20 በተጠጋ ጊዜ ነው። በስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ሥር በሥርዓት መሠልጠን የጀመረው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ ከተማው ደርሶ መመለስ የዕለት ልምምዱ እንደነበር ይነገርለታል፤ በመካከሉ ያለው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚልቀው የእንጦጦ ሰንሰለት ነው። ስለ እንጦጦ ሲወሳ ዘወትር የሚነሣው የአየሩ ስስነትና የሳንባ ብርታት ነው። ቁልቁለቱን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ሯጩ ቁልቁል ሲወርድ የፊት ጭን ጡንቻው እየተለጠጠ ሰውነቱን ይገታል፤ በዚያን ጊዜ ጉልበቱ ብርቱ ጫና ይሸከማል። አበበ ይህን ጫና የተሸከመው የአጥንቱ እድገት ካበቃ በኋላ ነው።

በታዳጊ ላይ ነገሩ ይለያል። የፊት ጭን ጡንቻ ከጉልበት ሎሚ በታች የሚያያዘው በቅልጥም አጥንት ጉብታ ላይ ነው። በፈጣን እድገት ዘመን ይህ ጉብታ ገና ያልጠነከረ ልም አጥንት ስለሆነ፣ በሩጫና በዝላይ ብዛት ጅማቱ ደጋግሞ ሲጎትተው ይቆስላል፣ ያብጣል። የቦስተኑ ሐኪም ሮበርት ኦስጉድና የዙሪኩ ካርል ሽላተር በ1903 እ.ኤ.አ. በየፊናቸው ስለገለጹት ሕመሙ በሁለቱ ስም ይጠራል። ወንዶችን በአብዛኛው ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ይይዛል፤ ሴቶችን ግን ቀደም ብሎ። ዳገት ሲወጡ፣ ሲንበረከኩና ሲዘሉ ይብሳል። እድገት ሲያበቃ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል፤ እስከዚያው ሩጫን ፈጽሞ መተው ግድ ባይሆንም ልምምዱን፣ በተለይም ቁልቁለቱን፣ ሕመሙ በሚፈቅደው ልክ መቀነስ ያስፈልጋል። ሌሊት የሚቀሰቅስ ወይም ትኩሳት ያለበት የጉልበት ሕመም ግን ከዚህ የተለየ ስለሆነ ያለ መዘግየት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ሲያሸንፍ 28 ዓመቱ ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ድሉን ደገመው። ከየካና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈሮች ወደ ባሕር ዛፉ ጫካ ለሚወጣ የ13 ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚተረክለት ይህ የቶኪዮው አበበ ነው፤ ሕመምን ችሎ መሮጥም የጀግንነት መለኪያ ሆኖ ይቀርብለታል። ንጽጽሩ ግን ልክ አይደለም። የቶኪዮው ሯጭ የ32 ዓመት ጎልማሳ ነበር፤ በ13 ዓመቱ የተጫወተው ገና ነው።

የሜክሲኮው ውድድር እምብዛም አይተረክም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ በእግሩ ጉዳት ምክንያት 16 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደ። የ36 ዓመት ሰው ጉዳት ከእድገት ጋር ከተያያዘው ሕመም ጋር አይምታታም። ሆኖም በጽናቱ የሚወደሰው ሰው በዚያ ቀን ለመቆም መወሰኑ ከድሎቹ እኩል ሊነገር የሚገባው ነው።

እግሮቹን ያሳጣው ሩጫ አልነበረም። መጋቢት 1961 ዓ.ም. ሸኖ አካባቢ በደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ፤ በእንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ፣ በዚያም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በአንጎል ደም መፍሰስ አረፈ።