ሐበሻዊቷ ኡሙ አይመን እና የልጅ ሐዘን

 

አምቦ፣ ጉደር፣ ጊንጪ ወይም ጌዶ ሆነህ ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ የምታነቢ እህቴ! ልጅ የሞተባቸው ባልና ሚስት ቤት ለተዕዚያ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። እናትየዋን ከበን ልጁ ጀነት እንደገባ እንነግራታለን፤ ከዚያ በቃሽ እንላታለን። አባትየውን ወንድ ልጅ አያለቅስም ብለን እንገሥጸዋለን። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ይነሳል፣ ሰዉም ወደየቤቱ ይበተናል። እሷ ማታ ማታ ተደብቃ ታለቅሳለች፤ እሱ ሥራ አብዝቶ እያመሸ ይገባል። እኛ ደግሞ ይህን ሰብር እንለዋለን።

ዛሬ ከሐበሻ ምድር የሆነችውን የአንዲት እናት ሕይወት እናስታውስ።

ስሟ በረካ ነው፤ በይበልጥ የምትታወቀው ግን ኡሙ አይመን በሚለው ነው፣ ረዲየላሁ ዐንሃ። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወላጆች ቤት ባሪያ ነበረች። ነብዩ የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው ኣሚና ከየሥሪብ ሲመለሱ አብዋእ ላይ አረፈች። ያንን የቲም ሕፃን ይዛ መካ ያደረሰችው፣ ያሳደገችውም በረካ ናት። ነብዩ ኸዲጃን ሲያገቡ ነፃ አወጧት። ዑበይድ የተባለ ሰው አግብታ አይመንን ወለደች። እሱ ሲሞት ደግሞ ዘይድ ኢብን ሓሪሣን አግብታ ኡሳማን ወለደች።

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ዘይድ ሙእታ ላይ ሸሂድ ሆነ። ጥቂት ወራት ቆይቶ የበኩር ልጇ አይመን ሑነይን ላይ ተገደለ። ባልና ልጅ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ! የልጇ መርዶ ሲመጣ አጠገቧ ተቀምጦ አብሯት የሚያለቅስ ባል አልነበራትም።

ስለ እንባዋ ከተዘገበው ሁለቱን ልብ በሉ።

አንደኛውን ነሳኢ ዘግበውታል። ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰብ አንዲት ትንሽ ልጅ ልትሞት ስታጣጥር ደረታቸው ላይ አስጠጓት፤ እጃቸው ላይም አረፈች። ኡሙ አይመን አለቀሰች። እሳቸው ባሉበት ለምን እንደምታለቅስ ጠየቋት። እሷም እሳቸው እያለቀሱ እሷ የማታለቅስበት ምክንያት ምን እንደሆነ መልሳ ጠየቀች። ነብዩም ያ እንባቸው ራሕመት መሆኑን ነገሯት። ወንድሜ፣ ከሰው ሁሉ በላጩ በሕፃን ሞት ካለቀሱ፣ አባትየው እንዳያለቅስ የምንከለክለው እኛ ማን ነን?

ሁለተኛውን ሙስሊም ዘግበውታል። ነብዩ ካረፉ በኋላ አቡበክርና ዑመር፣ ነብዩ ይዘይሯት እንደነበረው ሊዘይሯት ሄዱ። ስታያቸው አለቀሰች። አላህ ዘንድ ያለው ለነብዩ የተሻለ መሆኑን እየነገሩ ሊያጽናኗት ሞከሩ። እሷ ግን ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም የምታለቅሰው፤ ወሕይ ከሰማይ መቋረጡ ነው ያስለቀሳት። ሁለቱም ዝም በይ አላሏትም። አብረዋት አለቀሱ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የተነገራትን ቀድማ ታውቀው ነበር፤ ማወቋ ግን እንባዋን አላደረቀውም። ልጅ ያጡት ወላጆችም እንዲሁ ናቸው። ልጃቸው አላህ ዘንድ እንዳለ ያውቃሉ። የሚያማቸው ማታ ባዶ የሆነው ፍራሽ ነው። ኢማንና እንባ አንድ ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ዲናችን የከለከለው ሙሾ ማውረድን፣ ፊት መንጨትንና ልብስ መቅደድን ነው። በሦስት ቀን የተገደበውም ሴት ልጅ ከባሏ ውጭ ለሞተባት ሰው ጌጧን የምትተውበት ጊዜ እንጂ የልብ ቁስል አይደለም።

ይህ ሐዘን የጥቂት ቤቶች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 67ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። እያንዳንዱ ቁጥር እናትና አባት አለው።

እናንተ ልጅ ያጣችሁ ባልና ሚስት! ኡሙ አይመን ያጣችውን እናንተ አላችሁ፤ አንዳችሁ ለሌላችሁ አላችሁ። እሷ ብታወራ፣ እሱ ዝም ቢል፣ የሁለቱም ሐዘን ነው። ያላለቀሰው አልወደደም አትበሉ። ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ያንቺ ነው አትባባሉ። የልጁን ስም አብራችሁ ጥሩት፣ አብራችሁም ዱዓ አድርጉ። ሳምንታት አልፈው እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካለ፣ ወይም የመኖር ፍላጎት ከጠፋ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። መታከም የኢማን ጉድለት አይደለም፤ ታከሙ ያሉን ነብያችን ናቸው።

አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ዛሬ ከጁሙዓ በኋላ ድንኳኑ ከተነሳ ወራት ያለፈው አንድ ቤት አንኳኩ። የምትናገሩት ባይኖራችሁ ግድ የለም፤ አቡበክርና ዑመርም መጨረሻ ላይ የነበራቸው እንባ ብቻ ነው።

ያ አላህ! ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆችን ልብ ጠግን፣ መካከላቸውን በእዝነት ሙላ፣ ጀነት ላይ ከልጆቻቸው ጋር ሰብስባቸው። ኣሚን።