ሎርድ ኬልቪንና የምትዋልለው የብርሃን ነጥብ

በካዛንቺስና በቀረው ቂርቆስ፣ ከአፍሪካ አዳራሽ አንሥቶ እስከ ትንሹ ሱቅ ድረስ፣ ዛሬ ወሬ ረጅሙን መንገድ የሚጓዘው በመስታወት ክር ውስጥ በሚሮጥ ብርሃን ነው። የሰፈሩን ስም ካነሣን ዘንድ፣ ካዛንቺስ ማለት በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ምሕጻረ ስም የመጣ ሲሆን፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እንዲህ ሆኖ ቀረ። በገመድ የሚሄድ ወሬም እንደዚሁ መዛነፉ አይቀርም። የሚዛነፈውን ማን ያቃናዋል ብለን ሥሩን ስንከተል ያገኘነው፣ ከሞተ ከ100 ዓመት በላይ የሆነው አንድ ፕሮፌሰር ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዊልያም ቶምሰን ጁን 26 ቀን 1824 በአየርላንድ፣ በቤልፋስት ከተማ ተወለደ። በ6 ዓመቱ እናቱ ሞተችበት። አባቱ የሒሳብ መምህር ነበርና በ1832 ወደ ግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ልጆቹን ይዞ ሄደ። ልጁም ገና በ10 ዓመቱ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመዘገበ፤ ይህን ስናነብ፣ ፈተና በቀረበ ቁጥር የምናማርር ሁሉ ጥቂት ማፈር ሳይገባን አይቀርም። በ1845 በካምብሪጅ የሒሳብ ፈተና 2ኛ ወጣ፤ 1ኛ የወጣውን ሰው ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። በ22 ዓመቱ በግላስጎ የተፈጥሮ ፍልስፍና ፕሮፌሰር ሆኖ 53 ዓመት አስተማረ። ስለ ሙቀት መለኪያው የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ይንገሩን፤ እኛ የምንተርከው የገመዱን ነገር ነው።

በ1850ዎቹ ከአየርላንድ እስከ ኒውፋውንድላንድ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል ላይ የቴሌግራፍ ገመድ ለመዘርጋት አንድ ኩባንያ ተቋቋመ። ቶምሰን ቀደም ብሎ በስሌት የደረሰበት ነገር ነበር። ባሕር ውስጥ ያለ ገመድ እንደ እንስራ ነው፤ ኤሌክትሪኩ መጀመሪያ ይሞላበታል፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ይፈስሳል። ስለዚህ ርዝመቱ 2 እጥፍ ቢሆን መዘግየቱ 4 እጥፍ ይሆናል። የኩባንያው የኤሌክትሪክ ሹም ዋይትሃውስ ግን፣ በሙያው ሐኪም የነበረው ሰው፣ ይህን ከትምህርት ቤት የማያልፍ ስሌት አድርጎ ናቀው።

በኦገስት 1858 ገመዱ ከዳር ዳር ደረሰ። የንግሥት ቪክቶሪያ 98 ቃል ሰላምታ ለመተላለፍ 16 ሰዓት ያህል ፈጀ። ዋይትሃውስ ምልክቱ አልሰማ ሲለው ጉልበት ጨመረ፤ 2,000 ቮልት ያህል ለቀቀበት። ገመዱ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ሞተ። ጥፋቱ ሁሉ የእሱ ነው ማለት ግፍ ይመስለናል፤ ገመዱ ቶምሰን ከሚሻው ቀጥኖ በጥድፊያ የተሠራ ነበርና። ሆኖም ያልተሰማውን ሰው በጩኸት ለማሰማት መሞከር የቴሌግራፍ ሹሞች ጠባይ ብቻ አይደለም።

ቶምሰን መላኪያውን ማስጮኽ ትቶ ተቀባዩን አሠለጠነ። እጅግ ቀላል መስተዋት በሐር ክር አንጠልጥሎ ከጀርባው ጥቃቅን ማግኔት ለጠፈ፤ ዙሪያውን በሽቦ ጥቅል ከበበው። የፋኖስ ብርሃን መስተዋቱ ላይ አርፎ ወደ ተመተረ ሰሌዳ ይመለሳል። ደካማ ኤሌክትሪክ ሲመጣ መስተዋቱ ቅንጣት ታህል ይዞራል፣ የብርሃኑ ነጥብ ግን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ በግልጽ ይሄዳል።

ነገር ግን መካከሉ የት ነው? ከመሬት የሚነሣ ኤሌክትሪክ ነጥቡን ሳይጠሩት ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል፤ ካለፈው ምልክት በገመዱ የቀረው ትርፍም እንደዚሁ። ዜሮው ይዋልላል። ለዝግተኛው መዛነፍ ከመስተዋቱ በላይ ሌላ ማግኔት ተደረገና እሱን እያዞሩ ነጥቡን ወደ መካከል መለሱት። ቫርሊ የተባለው መሐንዲስ ደግሞ ኮንደንሰር በማስገባት ቋሚው ግፊት ቀርቶ ተለዋዋጩ ምልክት ብቻ እንዲያልፍ አደረገ። ቶምሰንም ከጄንኪን ጋር ሆኖ፣ ከእያንዳንዱ ምልክት በኋላ ተቃራኒውን ልኮ ገመዱን የሚያጸዳ መላኪያ ሠራ። ጸሐፊዎቹ ነጥቡ የት እንዳለ ሳይሆን፣ ካለበት ወዴት እንደ ሄደ ማንበብ ለመዱ።

በዛሬው የመስታወት ክር ጫፍ ያለው ተቀባይም ከዚህ አይርቅም። ብርሃን ይደምቃል ወይም ይደበዝዛል እንጂ ከዜሮ በታች አይወርድም፤ ስለዚህ ፎቶዳዮዱ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው። መንታ ተብለው የተሠሩት ትራንዚስተሮችም ፍጹም እኩል ባለመሆናቸው የራሳቸውን መዛነፍ ይጨምሩበታል። በሰኮንድ ቢሊዮን ጊዜ 0 ነው ወይስ 1 ብሎ የሚፈርድ መሣሪያ፣ ድንበሩ ጥቂት ሚሊቮልት ቢዛነፍ ፍርዱ ይበላሻል። መድኃኒቱ፣ አማካዩን እየለካ ያንኑ ያህል የሚቀንስ ዑደት ነው፤ ማግኔቱን ታዞር የነበረችው እጅ በራሷ ስትሠራ ማለት ነው። ዑደቱ እጅግ ከፈጠነ ግን በተከታታይ የመጡ 1ዎችን እንደ መዛነፍ ቆጥሮ ያጠፋቸዋልና ትዕግሥተኛ መሆን አለበት።

በ1866 ግሬት ኢስተርን የተባለችው መርከብ አዲሱን ገመድ ዘረጋች፤ ቶምሰንም አብሮ ተሳፍሮ ነበር። ገመዱም ሠራ። በዚያው ዓመት ሰር ተባለ፤ በ1892 ሎርድ ኬልቪን ሆነ። ሁሉን አወቀ አንልም፤ የምድርን ዕድሜ ከ20 እስከ 40 ሚሊዮን ዓመት ብቻ ገምቶ፣ በዚያው ግትር እንዳለ አረጀ። ዲሴምበር 17 ቀን 1907 ሞቶ በዌስትሚኒስተር ከኒውተን መቃብር አጠገብ ተቀበረ። በዚያን ጊዜ በእኛ አገር፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ሥራ ላይ ነበር፤ በአየር የተንጠለጠለ ሽቦ በመሆኑም እንደ ባሕሩ ገመድ ኤሌክትሪክ አያቍርም ነበር።