የሲኮች የጦር አለቃ ባንዳ ሲንግ ባሃዱር

ባንዳ የሚለው ቃል ለኢትዮጵያዊ ጆሮ መልካም ነገር አያሰማም። በፋሽስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን ከጠላት ወግኖ ወገኑን የወጋ ሰው የተጠራበት ስም ነውና። በሰሜን ሕንድ፥ በፑንጃብ ምድር ግን ይኸው ድምፅ ያለው ስም እስከ ዛሬ በክብር ይነሣል። ቃሉ በፋርስኛ አገልጋይ ወይም ባሪያ ማለት ሲሆን፥ ከእኛው ባንዳ ጋር ያለው ዝምድና የድምፅ እንጂ የትርጉም አይደለም። በዚህ ስም የተጠራው ሰው መድፍ ሳይኖረው መድፍ የነበረውን ጦር አሸንፏል፤ ምሽግ ሠርቷል፤ ውሃን ጠልፎ መከላከያ አድርጓል፤ በመጨረሻም ተሸንፎ ተገድሏል። ከሠራው ሁሉ ጸንቶ የቀረው የትኛው ነው? ይህ ጸሐፊ በሙያው መሐንዲስ እንደ መሆኑ፥ ታሪኩን ባነበበ ጊዜ የተነሣበት ጥያቄ ይህ ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባንዳ ሲንግ በ1670 ከካሽሚር በስተ ደቡብ በሚገኘው በራጃውሪ አገር ተወለደ፤ የልጅነት ስሙም ላችማን ዴቭ ነበር። በወጣትነቱ አደን ይወድ እንደ ነበር፥ አንድ ቀን ግን የገደላት ሚዳቋ እርጉዝ ሆና በማግኘቱ ልቡ ተሰብሮ ዓለምን እንደ ናቀ ይተረካል። ከዚያም መናኝ ሆኖ፥ ማዶ ዳስ ተብሎ፥ በደቡብ በኩል በጎዳቫሪ ወንዝ ዳር በምትገኘው በናንዴድ መኖሪያውን አቆመ።

በዚያን ጊዜ በፑንጃብ ጉሩ ናናክ (1469-1539) የመሠረተው የሲክ ሃይማኖት ሁለት መቶ ዓመታት ያህል አስቆጥሮ ነበር። አሥረኛው መምህር ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በ1699 ተከታዮቹን ኻልሳ በተባለው ማኅበር አደራጅቶ መሣሪያ አስታጥቋቸዋል። የሲርሂንድ ገዥ የነበረው ዋዚር ኻን የእኒህን መምህር ሁለት ሕፃናት ልጆች አስገድሎ ስለ ነበር፥ በሲኮች ልብ ውስጥ ያልሻረ ቁስል ነበረ። በ1708 ጉሩው ወደ ናንዴድ መጥቶ ከመናኙ ጋር ተገናኘ። መናኙም ራሱን የጉሩው ባንዳ፥ ማለት አገልጋይ፥ አደረገ፤ ስሙም ከዚህ መጣ። ጉሩው በዚያው ዓመት ከመሞቱ በፊት ፍላጻዎችና ሰንደቅ ሰጥቶ፥ ከጥቂት ተከታዮች ጋር ወደ ፑንጃብ ላከው።

ባንዳ ሲንግ ፑንጃብ ሲደርስ የተከተለው አብዛኛው ሰው ገበሬና የእጅ ባለሙያ ነበር። በ1709 የሳማናን ከተማ ያዘ፤ ቀጥሎም ሳድሃውራን። ከዚያ በኋላ በግንቦት 1710 ቻፐር ቺሪ በተባለው ሜዳ ከዋዚር ኻን ጋር ገጠመ። ገዥው ዝሆንና መድፍ ነበረው፤ ባንዳ ሲንግ መድፍ አልነበረውም። በውጊያው መጀመሪያ የመድፉ ድምፅ ምርኮ ፍለጋ የተከተሉትን ሰዎች በተናቸው። ከገዥው ወገን ከድተናል ብለው ተቀላቅለው የነበሩ ሰዎችም በዚያው ሰዓት እንደ ሸሹ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ፤ በእኛ አነጋገር እውነተኞቹ ባንዶች እነዚህ ነበሩ። ባንዳ ሲንግ ግን ጦርነቱን ከሚመለከትበት ጉብታ ወርዶ ራሱ ከፊት ተሰለፈ። ውጊያው ጨበጣ በሆነ ጊዜ መድፉ ዋጋ አጣ፤ ዋዚር ኻንም ተገደለ፤ ሲርሂንድም ተያዘች። ከተማዪቱ ተዘረፈች፤ በቀሉም ብዙ ሕይወት አጠፋ። ይህን ሳይጠቅሱ ድሉን ብቻ ማውሳት ተገቢ አይሆንም።

ድል አድራጊው ግን በዘረፋ ላይ አላቆመም። በተራሮች ግርጌ የነበረውን አሮጌ ምሽግ አሳድሶ ሎህጋር፥ ማለትም የብረት ምሽግ፥ ብሎ ሰየመውና መናገሻው አደረገው። ገንዘብ ሲያሳትም በራሱ ስም ሳይሆን በጉሩ ናናክና በጉሩ ጎቢንድ ሲንግ ስም አሳተመ። በያዘውም አገር ትልልቆቹን ባለርስቶች አንሥቶ መሬቱን ለሚያርሱት ገበሬዎች ሰጠ። በኋላም ሙስሊሞች ጭምር በሠራዊቱ ውስጥ ገብተው አገለገሉ።

የሞጉል ንጉሠ ነገሥት ባሃዱር ሻህ ይህን ሰምቶ ራሱ ዘመተ፤ በ1710 መጨረሻም ሎህጋር ተከበበ። ጉላብ ሲንግ የተባለ ተከታይ የአለቃውን ልብስ ለብሶ በምሽጉ ሲቀር፥ ባንዳ ሲንግ በሌሊት አመለጠ። የብረት ምሽግ የተባለው ወደቀ፤ ሰዎቹ ግን ጦርነቱን ቀጠሉ።

የመጨረሻው ከበባ በ1715 በጉርዳስ ናንጋል ሆነ። በዚያን ጊዜ ዙፋኑ ላይ የነበረው ፋሩኽሲያር ነው። ሲኮች በአካባቢው የሚያልፈውን የመንግሥት የውሃ ቦይና ከተራራ የሚወርዱትን ጅረቶች ጠልፈው ምሽጋቸውን በረግረግ ከበቡት፤ ፈረሰኛም መድፍም ሊጠጋቸው አልቻለም። ሥራው በጊዜው ለነበረው አቅም ብልህ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ ጠላትን ያገደው ረግረግ ለተከበቡትም መውጫ ነሣቸው፤ የላሆር ገዥ ጦርም ዙሪያውን ዘግቶ መጠበቅን መረጠ። በምሽጉ ውስጥ በባንዳ ሲንግና በቢኖድ ሲንግ መካከል አለመግባባት ተነሥቶ ቢኖድ ሲንግ ሰዎቹን ይዞ ወጣ። የቀሩት እህል ባለቀባቸው ጊዜ የጋማ ከብት ሥጋ፥ ቀጥሎም ቅጠልና የዛፍ ልጥ በሉ። ስምንት ወር ከታገሡ በኋላ በታኅሣሥ 1715 ተያዙ። አጥሩን የሰበረው መድፍ ሳይሆን ረሃብ ነበር።

ባንዳ ሲንግ በብረት ቀፎ ተጭኖ ከ700 በላይ ከሚሆኑ እስረኞች ጋር ወደ ዴልሂ ተወሰደ። በመጋቢት 1716 እስረኞቹ በየቀኑ መቶ መቶ እየሆኑ ተሠዉ። በዚያ የነበሩ የእንግሊዝ ኩባንያ መልእክተኞች ከእስረኞቹ መካከል ሃይማኖቱን የካደ እንዳልተገኘ ጽፈዋል። በሰኔም ሕፃን ልጁ በፊቱ ከተገደለ በኋላ፥ ባንዳ ሲንግ ራሱ በብዙ ሥቃይ ተገደለ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ጥያቄ ላይ እንመለስ። ሎህጋር ፈርሷል፤ የጉርዳስ ናንጋል ረግረግም ደርቋል። ነገር ግን መሬት ያገኘው ገበሬ ያንን መብት አልረሳም። በ1764 ሲኮች ሲርሂንድን ዳግመኛ ያዙ፤ በ1765 ላሆርን ይዘው ገንዘብ ሲያሳትሙም ባንዳ ሲንግ በማኅተሙ ላይ ያስቀረጸው ቃል በገንዘቡ ላይ ተመልሶ ታየ። እኛ በድንጋይና በውሃ የምንሠራ ሰዎች የሥራችንን ዕድሜ በግንቡ ውፍረት መለካት ልማዳችን ነው። የዚህ ሰው ታሪክ ግን የግንቡን ውፍረት ብቻ ሳይሆን ግንቡ ለማን እንደ ተሠራም እንድንጠይቅ ያስገድደናል።