ቶማስ ጀፈርሰንና ያለ ጥይት የተሞከረው ጦርነት

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲነገር ዘወትር የሚወሳው የተሳካላቸው ሥራ ነው። እኔ ግን በዚህ ዓመት መጽሔታችን ልጽፍ ያሰብሁት፣ ስመ ጥሩው አሜሪካዊ ቶማስ ጀፈርሰን ሞክሮት ስላልተሳካለት አንድ ታላቅ ነገር ነው። ይኸውም ሰይፍ ሳይመዙ፣ ንግድን በመከልከል ብቻ ባላጋራን ማስገደድ ነው፤ ዛሬ የኢኮኖሚ ማዕቀብ እንለዋለን። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጀፈርሰን አፕሪል 13 ቀን 1743 በቨርጂንያ ተወለደ። አባቱ ባለ ርስትና መሬት ቀያሽ ነበር፤ ልጁ 14 ዓመት ሲሆነው ሞተ። ቶማስ ግን ትምህርቱን ገፍቶ፣ ሕግ ተምሮ ጠበቃ ሆነ። በ1776፣ ገና በ33 ዓመቱ፣ አሜሪካ ከእንግሊዝ የተላቀቀችበትን የነጻነት መግለጫ አረቀቀ። ስለ ሰው ልጅ እኩልነት የጻፈው ይህ ሰው በዕድሜው ከ600 የሚበልጡ ባሮች እንደ ነበሩት ግን መሸሸግ አይገባም። ከዚያ በኋላ በፓሪስ የአገሩ መልእክተኛ ሆኖ አገለገለ፤ በ1801 ሦስተኛው ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1803 ሉዊዚያና የተባለውን ሰፊ ምድር ከፈረንሣይ በ15 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ የአገሩን ስፋት እጥፍ ያህል አደረገው።

በዚያ ዘመን እንግሊዝና የናፖሌዎን ፈረንሣይ በብርቱ ይዋጉ ነበር። ሁለቱም የገለልተኛ አገር መርከቦች ከጠላታቸው ጋር እንዳይነግዱ ከለከሉ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ደግሞ የአሜሪካን መርከቦች እያስቆመ፣ ዜጎቼ ናቸው የሚላቸውን መርከበኞች በግድ ይወስድ ነበር። ጁን 22 ቀን 1807 ሌፐርድ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ፣ በቨርጂንያ ዳርቻ ቼሳፒክ በተባለችው የአሜሪካ መርከብ ላይ ተኰሰች። 3 ሰዎች ሞቱ፤ 4 መርከበኞችም ተወሰዱ። የአሜሪካ ሕዝብ በቍጣ ተነሥቶ ጦርነት ይታወጅ አለ።

ጀፈርሰን ግን የአገሩ ባሕር ኃይል ትንሽ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ደም እንዲፈስም አልወደደም። እንግሊዝ የአሜሪካን ጥጥና እህል ብታጣ ትቸገራለች፤ ስትቸገርም ትመለሳለች ብሎ አሰበ። ስለዚህም የአሜሪካ መርከቦች ወደ ውጭ አገር ለንግድ እንዳይሄዱ የሚከለክለውን ሕግ፣ ምክር ቤቱ ካጸደቀው በኋላ ዲሴምበር 22 ቀን 1807 ፈረመ።

ሆኖም ሕጉ አስቀድሞ የጐዳው የገዛ ሕዝቡን ነበር። በቦስተንና በኒውዮርክ ወደቦች መርከቦች ታስረው ቆሙ፤ መርከበኛው ሥራ ፈታ፤ ገበሬውም ለእህሉ ገዢ አጣ። በ1807 108 ሚሊዮን ዶላር የነበረው ወደ ውጭ የሚላክ ሸቀጥ በ1808 ወደ 22 ሚሊዮን ወረደ። በድንበር አቅራቢያ የሚኖሩትም በቻምፕሌን ሐይቅ በኩል ወደ ካናዳ በስውር ይነግዱ ጀመር። የመንግሥት ኃይል እንዳይበዛ ሲሟገት የኖረው ጀፈርሰን ኮንትሮባንድ ለመከልከል ወታደር እስከ ማዘዝ ደረሰ። እንግሊዝ በበኩሏ በደቡብ አሜሪካ ሌላ ገበያ አገኘች። በመጨረሻ የሕዝቡ ምሬት ምክር ቤቱን አሸነፈና፣ ጀፈርሰን ሥልጣኑን ሊለቅ 3 ቀን ሲቀረው፣ ማርች 1 ቀን 1809፣ ክልከላውን የሚያነሣውን ሕግ ፈረመ። በምትኩ ከእንግሊዝና ከፈረንሣይ ጋር ብቻ መነገድ ተከለከለ።

ተከታዩ ጄምስ ማዲሰንም በዚያው መንገድ ቀጠለ፤ በ1811 የእንግሊዝ ሸቀጥ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ተደረገ። አሁን ደግሞ ችግሩ በእንግሊዝ አገር ጠና። የበርሚንግሃም ባለ ፋብሪካዎች ሠራተኞቻቸው ሥራ መፍታታቸውን ለፓርላማ አመለከቱ፤ ፓርላማውም ሰማቸው። የእንግሊዝ መንግሥት አሜሪካን ያስቈጣውን የባሕር ንግድ ትእዛዝ ጁን 23 ቀን 1812 ሻረ። ነገር ግን የአሜሪካ ምክር ቤት ከዚያ 5 ቀን አስቀድሞ፣ በታችኛው ቤት 79 ለ49፣ በላይኛው 19 ለ13 በሆነ ድምፅ፣ ጦርነት ዐውጆ ነበር። ቴሌግራም ባልነበረበት ዘመን ወሬ አትላንቲክን ለመሻገር ሳምንታት ይፈጅበታል። የመርከበኞቹም መወሰድ ገና አልቀረም ነበርና፣ ወሬው ሲደርስ ጦርነቱ አልቆመም። በ1814 ዋሽንግተን ተቃጠለች፤ የምክር ቤቱም መጻሕፍት አብረው ነደዱ። ጀፈርሰን በ1815 የራሱን 6,487 መጻሕፍት በ23,950 ዶላር ለመንግሥት ሸጦ ቤተ መጻሕፍቱ እንደገና እንዲቋቋም አደረገ።

የተወደዳችሁ ጓደኞቼና ወላጆቻችን፣ በሁለቱም አገሮች የሚመርጠው ሰው ጥቂት ቢሆንም፣ ሕግ በምክር ቤት የሚመከርባቸው አገሮች ነበሩ። በሁለቱም የተራበው ሰው ጩኸት ተሰምቷል፤ በአሜሪካ ክልከላውን አስነሣ፣ በእንግሊዝም ትእዛዙን አስሻረ። የጐደለው የሁለቱ ጩኸት በአንድ ጊዜ አለመሰማቱ ነው። እኔ ከዚህ የተማርሁት፣ የንግድ ክልከላ ደም ባያፈስም ያለ ዋጋ የሚገኝ መሣሪያ አለመሆኑን ነው። ዋጋውን አስቀድሞ የሚከፍለው ድኻው ነው፤ ፍሬውም የሚገኘው በትዕግሥትና ከባላጋራ ጋር መነጋገር ባለማቋረጥ ነው።

ጀፈርሰን የነጻነት መግለጫው 50ኛ ዓመት በተከበረበት ዕለት፣ ጁላይ 4 ቀን 1826፣ በ83 ዓመቱ ሞተ። በመቃብሩ ላይ እንዲጻፍለት የፈለገው 3 ሥራዎቹን ብቻ ነበር፤ የነጻነት መግለጫውን፣ የቨርጂንያን የሃይማኖት ነጻነት ሕግና የቨርጂንያን ዩኒቨርሲቲ መመሥረቱን። ፕሬዚዳንት መሆኑ አልተጻፈም።