ነርሷ ልዕልት



ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ልዕልት ነው። ልዕልት ስላችሁ ቀኑን ሙሉ ዘውድ ደፍታ የምትቀመጥ እንዳትመስላችሁ። ይህቺኛዋ የነርስ ልብስ ለብሰው የታመሙ ልጆችን ያስታመሙ ናቸው። ስማቸው ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ይባላል።

የተወለዱት በ1919 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩላችሁ እዚህ ስዊድን በምንቆጥረው አቆጣጠር ነው።) አባታቸው ያኔ ራስ ተፈሪ ይባሉ ነበር፤ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። እናታቸው እቴጌ መነን ናቸው።

በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረ። ልዕልት ፀሐይ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከእናታቸውና ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆነው ለቁስለኞች ፋሻ ያዘጋጁ ነበር። በዚያ ጦርነት ከስዊድንም የቀይ መስቀል ሐኪሞችና ነርሶች ሄደው ረድተውናል። በታኅሣሥ ወር 1935 መልካ ዲዳ በሚባል ቦታ የጣሊያን አውሮፕላኖች ድንኳናቸውን ደበደቡት፤ ጉናር ሉንድስትሮም የሚባል ስዊድናዊም በዚያ ምክንያት ሞተ። ይህን የስዊድን ትምህርት ቤት አስተማሪዎቻችሁ ላያውቁት ይችላሉ፣ ንገሯቸው።

በ1936 ንጉሡ ከነቤተሰባቸው ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ። ልዕልት ፀሐይ እንግሊዝኛ ስለሚችሉ ለአባታቸው ያስተረጉሙ ነበር። ግን ማስተርጎም ብቻ አልበቃቸውም። ለንደን ወደሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት መማር ጀመሩ።

በዚያን ጊዜ ነርስነት መማር ቀላል እንዳይመስላችሁ! ተማሪዎቹ አልጋ ያነጥፋሉ፣ ዕቃ ያጥባሉ፣ ሌሊት ተረኛ ሆነው ያድራሉ፣ ትምህርቱን ደግሞ በላዩ ላይ ያጠናሉ። ሦስት ዓመት እንደዚህ አልፎ በ1939 የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመረቁ።

እንግዲህ ለእኔ ዋናው ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሲመረቅ ሁሉን ያወቀ ይመስለዋል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ዲግሪዬን ይዤ ሥራ የጀመርኩ ቀን መዝገቡ ፊት ተቀምጬ ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነበር። አጠገቤ አንዲት ነባር ሠራተኛ ወንበሯን ስባ ባትቀመጥልኝ ኖሮ ወደ ቤቴ መመለሴ ነበር። እኔ ብሳሳት የሚጎድለው ገንዘብ ነው፤ ተፈልጎ ይገኛል። አዲስ ነርስ መድኃኒት ብትሳሳትስ? ፈተና ላይ ስህተት ነጥብ ያስቀንሳል፤ ሆስፒታል ውስጥ ግን ሰው ይጎዳል።

እናንተ ዳጊስ ስትጀምሩ እናት ወይ አባት ጥቂት ቀን አብረዋችሁ ይውሉ ነበር አይደል? ኢንስኮልኒንግ የሚሉት ማለቴ ነው። አዲስ ነርስም እንደዚያው ናት። እዚህ አገር ሆስፒታል የገባች አዲስ ነርስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከነባር ነርስ ጎን ሆና ነው የምትሠራው። እንግሊዝ አገርም ያኔ ለእያንዳንዱ የሕሙማን ክፍል ኃላፊ የሆነች፣ ሲስተር የምትባል ነባር ነርስ ነበረች። ኢትዮጵያ ውስጥም ሴት ነርስን ሲስተር እያልን እንጠራለን።

ልዕልት ፀሐይም ተመርቄያለሁ ብለው አልተቀመጡም። የተማሩት ልጆችን ማስታመም ነው፤ ትልልቅ ሰዎችንም ማስታመም ለመልመድ ጋይስ ወደሚባል ሌላ የለንደን ሆስፒታል ገቡ። ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጀመረበት ነበርና የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሥራ በዝቶባቸው ነበር።

በ1941 ኢትዮጵያ ነፃ ወጣች፣ ልዕልት ፀሐይም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ደሴ ሆስፒታል ገብተው መሥራት ጀመሩ። እስቲ አስቡት፤ ለንደን እያሉ የሚጠይቋት ሲስተር ነበረች። እዚህ ግን በአገሩ ሁሉ የሠለጠነ ነርስ በጣም ጥቂት ነው፣ ሌላው ሰው የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። ዕድሜያቸው ደግሞ ገና ከ20 ብዙም አላለፈም! የኢትዮጵያ ልጆች በአገራቸው ነርስነት የሚማሩበት ሆስፒታል እንዲሠራ የፈለጉት ስለዚህ ነው።

በ1942 ኮሎኔል አቢይ አበበን አግብተው፣ ባለቤታቸው ወደ ተሾሙበት ወደ ወለጋ፣ ነቀምት ሄዱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ውስጥ በወሊድ ምክንያት አረፉ። ገና 22 ዓመታቸው ነበር። ስንቱን ያስታመሙ ሰው እንደዚህ በልጅነታቸው መሄዳቸው እስካሁን ያሳዝነኛል።

ሐሳባቸው ግን አልቀረም። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ከሌሎች ጋር ሆነው ገንዘብ አሰባሰቡ፣ በ1951 የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። የነርሶች ትምህርት ቤትም ነበረው። ተማሪዎቹ ትምህርቱንም ሥራውንም እዚያው ይለምዱ ነበር፤ ግራ ሲገባቸው የሚጠይቁት ነባር ነርስ አጠገባቸው አለ።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የሆስፒታሉ ስም ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። በጋ ላይ አዲስ አበባ የሄዳችሁ ልጆች የታክሲ ረዳቶች ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች! እያሉ ሲጣሩ ሰምታችሁ ይሆናል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሆስፒታል ነው።

ከእናንተ መካከል እናቱ ወይም አክስቱ ሆስፒታል የምትሠራ ብዙ ልጅ አለ። የመጀመሪያ ቀን ሥራቸው እንዴት እንደነበረና ማን እንዳሳያቸው ጠይቁልኝና አምስት መስመር በአማርኛ ጽፋችሁ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አምጡ።